የውጭ አገር ተማሪ ጎንደር ሲደርስ የሚቀበለው ማን ነው?

የማራኪ ነዋሪ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጎንደር ከጎረቤት አገሮችም ሆነ ከሩቅ የሚመጡ ተማሪዎችን ስለ መሳቧ በተነሣ ቁጥር ንግግሩ ሁሉ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ደርሶ ይቆማል። ስንት ፕሮግራም ተከፈተ፣ ከየትኛው አገር ጋር ስምምነት ተፈረመ እንባባልና እንበተናለን። እኔ ግን ውይይቱን ወደ ከተማዋ ማዞር እፈልጋለሁ። የመግቢያ ደብዳቤውን የሚጽፈው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ከደብዳቤው በኋላ የሚመጣው ኑሮ፣ ማለትም የቤት ኪራዩ፣ ውኃው፣ የባንክ ሒሳቡ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሌሊት ሲታመም የሚደውልለት ሰው፣ የከተማዋ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ደግሞ ይህን ሥራዬ ብላ ይዛው አታውቅም።

ወደዚህ መጥቶ ለመማር ምክንያት አይጠፋም። ለዛሬው ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ የመላክን አሠራር ለአገሪቱ ያስለመደ ተቋም ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. የሐኪሞች ትምህርት ሲጀመር ከምሥራቅ ጀርመን የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ስለ ነበር፣ የዚያን ጊዜ የከተማው ሰው ፈረንጅ መምህር ሲያይ የሚገረም አልነበረም። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህም ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ያስቀደመ የነፃ ትምህርት ዕድል ተጀምሯል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ አየሩም ቢሆን ከካርቱም ወይም ከጁባ ለመጣ ሰው እፎይታ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እያለ ተማሪው አዘዞ ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ወይም ከመተማ በሚመጣው አውቶቡስ መናኸሪያ ደርሶ፣ ሻንጣውን ይዞ ሲቆም የሚያነጋግረው ማን ነው? እኔ እስከማውቀው ድረስ የመጀመሪያው ሰው ባለ ባጃጅ ነው፤ ሁለተኛው ደላላ ነው። ይህ እንዲቀየር ምን ማድረግ ይቻላል ትላላችሁ?

ከራውንድ መልስ

የማራኪ ነዋሪ፣ ያነሡት ነጥብ ትክክል ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ላስቀድም። የሕክምና መምህር ስለ ሆንሁ የማውቀውን ብቻ ነው የምናገረው።

እንግዳ ተማሪን የሚስበው በመጀመሪያ ሌላ ቦታ የማያገኘው ትምህርት ነው። ጎንደር በዚህ ረገድ ብዙዎች የማያስተውሉት ሀብት አላት። ከመተማና ከሑመራ ቆላ የሚመጡ የጉልበት ሠራተኞች በአሸዋ ዝንብ ንክሻ በሚተላለፈው በካላዛር ታመው የሚታከሙት እዚህ ነው፤ ሆስፒታሉ ለዚህ በሽታ ራሱን የቻለ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው። ካላዛር የሱዳንና የደቡብ ሱዳንም ከባድ በሽታ ነው። ከገዳሪፍ ወይም ከላይኛው ናይል የመጣ የሕክምና ተማሪ አገሩ ተመልሶ የሚያክመውን ሕመምተኛ እዚህ አልጋ ላይ ያገኘዋል፤ አውሮፓ ቢሄድ ግን በመጽሐፍ ብቻ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ስለ ምልመላ ስናስብ ዓይናችንን ሩቅ ከመጣል ይልቅ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ብንመለከት ይሻላል።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ የካርቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። አንዱ የግል የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ሩዋንዳ ወስዶ ቀሪውን የክሊኒክ ልምምዳቸውን በዚያ አገር ሆስፒታሎች እንዲያጠናቅቁ አደረገ። ኪጋሊ ከካርቱም ጋር የሚያገናኛት ድንበር የላትም፤ ጎንደር ግን ከመተማ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። ለምን እዚያ ሄዱ ብለን ብንጠይቅ መልሱ አንድ አይደለም፤ ሰላም ትልቁ ምክንያት ነው፤ ግን የሩዋንዳ መንግሥት፣ ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሎቹ ባንድነት ፈጥነው በራቸውን መክፈታቸውም ምክንያት ነው። እኛ ጋ አንድ የውጭ አገር ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት የትምህርት ማስረጃው አቻ ግምት፣ ማለትም ከአገራችን የትኛው ደረጃ ጋር እኩል እንደ ሆነ የሚገልጽ ማረጋገጫ፣ ሊሠራለት ይገባል፤ ይህም አዲስ አበባ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሲቲው በጦርነት የተዘጋበት፣ መዝገብ ቤቱ የተቃጠለበት ልጅ ኦሪጅናል ትራንስክሪፕት ከየት ያመጣል? በፈተና መዝኖ ወደሚገባው ዓመት መመደብን የሚፈቅድ አሠራር ከሌለ፣ ከተማዋ የቱንም ያህል ደግ ብትሆን ልጁ በር ላይ ይቀራል።

የገዳሪፍ ተመላሽ

የዚህ ውይይት ተካፋይ ብሆን የሚገባኝ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ተወልጄ ያደግሁት ገዳሪፍ፣ የተማርሁት ደግሞ ጎንደር ነው። ወላጆቼ የአርማጭሆ ሰዎች ናቸው፤ አማርኛ በቤት እንናገራለን፤ ሆኖም ትምህርቴን በሙሉ በአረብኛ ስለ ጨረስሁ እዚህ ስመጣ ጽሑፉን እንደ ፈረንጅ ነበር የምቆጥረው። አገሬ ገብቼ እንዲህ ከሆንሁ፣ አብሮኝ የመጣው የጁባ ልጅ ምን ሊሆን እንደሚችል ገምቱት።

የማራኪ ነዋሪ ስለ ደላላው ያሉት ልክ ነው፤ ግን ደላላው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሌላ የሚጠየቅ ሰው ስለሌለ ነው። ክፍሉ ሲገኝ አከራይዋ ለእኔ አንድ ዋጋ ነገረችኝ፤ ያ ልጅ ከኋላዬ ብቅ ሲል ዋጋው ወዲያው ከፍ አለ፤ «እሱ በዶላር ነው የሚላክለት» ተባለ። የሚላክለት ነገር አልነበረም። ስንከራከር ቆይተን ስድስት ወር ቀድማችሁ ክፈሉ አለችን። ከዚያ ወረቀቱ መጣ፤ አንዱ መሥሪያ ቤት የምትኖርበትን አድራሻ የሚገልጽ ደብዳቤ አምጣ ይላል፣ አድራሻውን የሚጽፈው ደግሞ መታወቂያህን አምጣ ይላል፣ መታወቂያው የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ ላለው ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ለማውጣት አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋል፣ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ደግሞ ክፍል ይቀርበታል። ሁሉም ቢሮ የሚለው ትክክል ነው፤ ሲገጣጠም ግን መውጫ የለውም።

ውኃው ሌላ ምዕራፍ ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱን፣ የመገጭ ግድብም ስንት ዓመት ሙሉ ሲጠበቅ መኖሩን ጎንደሬ ሁሉ ያውቃል፤ የጁባው ልጅ ግን ማን ነግሮት? ግቢው ውስጥ ሁለት ሰማያዊ በርሜሎች ነበሩ፤ በአንዱ ላይ የአከራይዋ ስም በኖራ ተጽፎበታል፤ ሌላው የተከራዮች ነው። ፈረቃችን የሚደርሰው ሌሊት ስለ ነበር ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር ተነሥቶ የሚቀዳ ሰው ያስፈልጋል። እሱ የቧንቧውን ድምፅ ለምዶ እስኪነቃ ድረስ የጎረቤቶቻችን ጀሪካን ሁሉ ሞልቶ የእኛ በርሜል ባዶውን ያድር ነበር። ይህን አንድ ሰው በመጀመሪያው ቀን ቢነግረው ምን ይቸግር ነበር? ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ፈተናው 3:00 ላይ ነው ሲባል ከቀትር በኋላ መስሎት የቀረ ተማሪ አውቃለሁ፤ ያንን የሚያስረዳ አንድ መስመር በፕሮግራሙ ግርጌ ላይ አልነበረም።

እንዲህ ስል ማማረሬ ብቻ አይደለም። ሌሊት ሲያተኩሰው ባጃጅ ጠርተው፣ ሆስፒታል አድርሰው፣ እስኪነጋ አብረውት የተቀመጡት የግቢያችን እትዬ ናቸው፤ ዋጋውን የጨመሩትም እሳቸው ናቸው።

የአዘዞ አከራይ

የገዳሪፍ ተመላሽ የጻፍሽውን ወይም የጻፍኸውን በጥሞና አነበብሁት። አከራይ ስለ ሆንሁ የእኛንም ወገን ላስረዳ።

የውጭ አገር ተከራይ ስናይ ዋጋ የምንጨምረው ሁልጊዜ ስስት ይዞን አይደለም፤ ፍርሃትም አለበት። ሰውየው ማን እንደ ሆነ አላውቅም፤ ቋንቋውን አልሰማም፤ ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ቀበሌም ፖሊስም የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። ተማሪው በዓመቱ መሐል አቋርጦ ቢሄድ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ሰው ቀድሞ ብዙ ወር አስከፍሎ ራሱን ያረጋጋል። ይህን የምለው ለማስረዳት እንጂ ትክክል ነው ለማለት አይደለም።

ሕጉን በተመለከተ ግን ብዙ ሰው ያልሰማው ነገር አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ቀድሞ የሚቀበለው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ይደነግጋል። አዋጁ ተፈጻሚ በሚሆንበት ከተማ ስድስት ወር ቀድሞ መጠየቅ አይቻልም ማለት ነው። በሌላ በኩል የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ ይህ ቤተሰብ ለያዘ ተከራይ መልካም ነው፤ ለአንድ ዓመት ልምምድ ለሚመጣ ተማሪ ግን ማንን እንደሚጠቅም አልገባኝም።

እኔን ብትጠይቁኝ የሚያስፈልገኝ አንድ ወረቀት ነው። «ይህ ሰው ተማሪያችን ነው፤ ትምህርቱ እስከዚህ ጊዜ ይቆያል፤ ችግር ቢፈጠር በዚህ ስልክ ደውሉ» የሚልና ማኅተም ያለበት። ያንን ቢይዝልኝ እንደ አገሬ ልጅ አድርጌ በተለመደው ዋጋ አከራየዋለሁ። ስልኩን የሚያነሣ ሰው መኖሩን ግን አረጋግጡልኝ፤ ማኅተም ብቻማ በየቦታው አለ።

ጥርጣሬ አለኝ

ወገኖቼ፣ ሁላችሁም ያልነካችሁትን ልናገር። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ የተጀመረው ግጭት ያስከተለውን ሁላችንም ኖረንበታል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መንገድ ሲዘጋ አዲስ አበባ ካለ ዘመድ ጋር መገናኘት አልተቻለም ነበር። ኤምባሲዎች ዜጎቻቸው ወደ አማራ ክልል እንዳይሄዱ የሚያስጠነቅቁበት ጊዜ ስለ ምልመላ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ደግሞስ ከደባርቅና ከወልቃይት የመጡ የራሳችን ልጆች ክፍል አጥተው በየዘመዱ ቤት ተደርበው በሚያድሩበት ከተማ ለእንግዳው ልዩ አስተናጋጅ እንሹም ማለት ምን ዓይነት ቅደም ተከተል ነው?

የማራኪ ነዋሪ

ጥርጣሬ አለኝ፣ ስለ ጸጥታው ያሉትን አልከራከርም፤ ማንም ወላጅ ልጁን ወደማይረጋጋበት ቦታ አይልክም። ሁለተኛው ነጥብዎ ላይ ግን እለያለሁ። የሁለት ወር ጣሪያው፣ የተመዘገበው ውል፣ የውኃው ፈረቃ ሰሌዳ፣ የሚነሣው ስልክ፣ እነዚህ ሁሉ ለደባርቁ ልጅም ያው ናቸው። ለእንግዳው ብለን የምንሠራውን የራሳችንም ልጅ ይጠቀምበታል። እንዲያውም እንግዳው ቅሬታውን ጮክ ብሎ ስለሚናገር ጉድለታችንን ቀድሞ ያሳየናል፤ የእኛ ልጅ ግን ለምዶት ዝም ይላል።

ሌላም አለ። በ1958 እ.ኤ.አ. አክራ ላይ በተደረገው የነፃ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል ከሰጡ በኋላ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ወጣቶች አዲስ አበባ ገብተው ነበር። የእነሱ መምጣት የእኛን ተማሪዎች አስተሳሰብ ምን ያህል እንደ ቀየረው የዚያ ትውልድ ሰዎች ራሳቸው ይመሰክራሉ። ስለዚህ ጥቅሙን በክፍያ ብቻ አንተምነው።

የአኩፋዳ ዘመን

ስለ ተማሪ አቀባበል ስትወያዩ አንድ ጊዜ የአብነት ተማሪ የነበረ ሰው ዝም ማለት አይችልም፤ ስለዚህ ይፍቀዱልኝ።

ጎንደር ከዩኒቨርሲቲው በፊትም የሩቅ ተማሪ ከተማ ነበረች። አቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያና በከበሮ የሚቀርበውን የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ ለመማር በዓታ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይና ከኤርትራ ጭምር ነበር፤ አሁንም ይመጣል። ያ ተማሪ ሲመጣ ደብዳቤም ገንዘብም የለውም፤ ደበሎና አኩፋዳ ብቻ ነው ያለው። ሆኖም ማን እንደሚቀበለው የታወቀ ነበር። መሪጌታው ስሙንና አገሩን ጠይቆ፣ ከቀደሙት አንዱን ጠርቶ «ያዘው» ይለዋል፤ ያ የቀደመው ተማሪ ጎጆውን ያካፍለዋል፣ የትኛው ሠፈር ስንት ሰዓት ላይ «በእንተ ስለ ማርያም» እንደሚባል ያሳየዋል፣ የማን ቤት ውሻ እንደሚነክስ ይነግረዋል፣ ማታ ደግሞ ቀለሙን ያስጠናዋል። አዲሱ በተራው ከእሱ በኋላ ለሚመጣው እንዲሁ ያደርጋል። የከተማው ሰው ቁራሽ መስጠቱን እንደ ውለታ አይቆጥረውም ነበር፤ ድርሻው ነው።

ኑሮው ከባድ እንደ ነበር አልደብቅም፤ ረኃቡም ቅማሉም እውነት ነው፤ በወረርሽኝ ያለቀውም ብዙ ነው። ያንን ኑሮ መልሱት ማለቴ አይደለም። እኔን የገረመኝ የገዳሪፍ ተመላሽ የጻፉት የበርሜሉ ጉዳይ ነው። አንድ ቀደም ብሎ የመጣ የደቡብ ሱዳን ተማሪ ለአዲሱ ተመድቦ ቢሆን ኖሮ፣ ስለ ፈረቃውም ስለ ሰዓቱም በመጀመሪያው ምሽት ይነግረው ነበር። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ኃላፊነቱን ለአንድ ሰው በስሙ መስጠት ነው። «ሁሉም ይረዳው» ከተባለ ማንም አይረዳውም።

ከሜልበርን

ጎንደር ተወልጄ አሁን የምኖረው አውስትራሊያ ነው። እዚህ የሆነውን ላካፍላችሁ፤ ሀብታም አገር ስለ ሆነ ነው እንዳትሉኝ፤ ትምህርቱ ከሀብቱ ጋር አይያያዝም።

በ2009 እ.ኤ.አ. ሜልበርን ውስጥ በሕንድ ተማሪዎች ላይ ተደጋጋሚ ጥቃት ደረሰ። ሕንድ ውስጥ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ስለዚያ ሲዘግቡ ከረሙ፤ በሚቀጥሉት ጊዜያት ከሕንድ የሚመጣው ተማሪ ቁጥር አሽቆለቆለ። ተማሪዎቹ የሚጠቁት ከሥራ ሲመለሱ በሌሊት ባቡር ላይና በርካሽ ኪራይ ሠፈሮች ነበር እንጂ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቹ ብቻቸውን የሚፈቱት ነገር እንዳልሆነ ግልጽ ሆነ። የቪክቶሪያ ግዛት መንግሥት መሐል ከተማ ላይ ለውጭ አገር ተማሪዎች የሚሆን ማዕከል አቋቁሟል፤ የየትኛውም ትምህርት ቤት ተማሪ ገብቶ ስለ ኪራይ ውል፣ ስለ ሥራ መብትና ስለ ሕግ ጉዳይ ያለ ክፍያ ምክር ያገኝበታል። ማዕከሉ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ውጭ መሆኑን ልብ በሉት። አከራዩ ላይ ወይም አሠሪው ላይ ቅሬታ ያለው ተማሪ የሚሄድበት ቦታ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።

ጥርጣሬ አለኝ ስለ ጸጥታ ያሉትን ስመልስ ደግሞ፣ ሰላም እስኪሰፍን ቁጭ ብለን እንጠብቅ የሚለውን አልቀበልም። ከክፉ ጊዜ በኋላ ተማሪ የሚመለሰው ያኔ ማን እንዳስጠጋው በሚያወራው የቀድሞ ተማሪ ቃል ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠበት ወቅት እዚያ የነበሩ የውጭ አገር ተማሪዎች ቤተሰባቸውን በመደበኛ ስልክ እንዲያገኙ ያደረገ ሰው ካለ፣ ከማንኛውም ብሮሹር ይልቅ ለከተማዋ የሠራው እሱ ነው።

ባለ ዊልቸሩ

አጠር አድርጌ ልጻፍ። የአካል ጉዳተኞች የነፃ ትምህርት ዕድል መኖሩን የማራኪ ነዋሪ ጠቅሰዋል፤ ደስ ይላል። በግቢው ውስጥ ራምፕ ሊሠራ ይችላል፤ ከግቢው በር ስወጣ ግን የሚቀበለኝ የድንጋይ ንጣፍና ዳገት ነው። ፒያሳ አካባቢ ካሉት የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች አብዛኞቹ መግቢያቸው ደረጃ ነው፤ ባንኩም ፋርማሲውም ማተሚያ ቤቱም እንደዚያው። በክረምት ደግሞ የእግረኛ መንገዱ ላይ ያለው ቱቦ ክዳኑ የት እንደ ጠፋ በጎርፍ ውስጥ አይታይም። ከሌላ አገር የመጣ አካል ጉዳተኛ ተማሪ እንደ እኔ የሚያግዘው ወንድም አጠገቡ የለውም። ባጃጅ ተጣጥፎ የሚጫን ዊልቸር ይወስዳል፤ ሾፌሮቹም አብዛኞቹ ይተባበራሉ፤ ግን ሰው ለሁለት ነገር ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ለራሱም ለወንበሩም። ይህን ለማስቀረት የማኅበሩን ሰዎች ሰብስቦ አንድ ጊዜ መነጋገር በቂ ይመስለኛል።

ከአዲስ ዓለም

ስለ ምግብና ስለ አምልኮ ማንም ስላላነሣ ነው የምጽፈው። ከሱዳንና ከሶማሊያ የሚመጣው ተማሪ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ሐላል ሥጋ የሚሸጥበትን ቦታ ለማግኘት ከማራኪ ተነሥቶ እኛ ሠፈር ድረስ እየጠየቀ ይመጣል፤ አንዴ ከመጣ ግን አይጠፋም። በረመዳን የግቢው ካፌ የራት ሰዓት ከማፍጠሪያው ጋር ሳይገጥም ሲቀር እዚህ ሰብሰብ ብለው የሚያፈጥሩ ልጆች አሉ፤ ደስ ይለናል፤ ግን ይህ እኛ በዕድል ስለተዋወቅን የሆነ እንጂ ማንም አስቦ ያገናኘን የለም። በዐቢይ ጾም ደግሞ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ምግብ የቸገረው መስሎት የሚደነግጥ አዲስ ተማሪ በየዓመቱ ይኖራል፤ ጾሙ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚፈታ የሚነግረው ይፈልጋል። ጥምቀትም እንዲሁ ነው፤ ለጎብኚ ሲባል የክፍል ዋጋ የሚወደደው በዚያ ሰሞን ስለ ሆነ፣ በጥር መሐል አዲስ ክፍል ከመፈለግ ይልቅ ቀደም ብሎ መያዝ እንዳለበት የሚያውቀው የከተማው ሰው ብቻ ነው።

ከራውንድ መልስ

እስካሁን ከተባለው ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቀውና የማይጠይቀው ተለይቶ ይታይ። አቻ ግምቱና የመኖሪያ ፈቃዱ በፌዴራል ደረጃ የሚወሰኑ ስለ ሆኑ እኛ መወትወት እንጂ መለወጥ አንችልም። ሆኖም የፋይዳ መታወቂያ በሕጋዊ መንገድ በአገሪቱ ለሚኖር የውጭ አገር ዜጋም የሚሰጥ በመሆኑ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ የተገኘለትን ተማሪ በቡድን ወስዶ ማስመዝገብ የባንኩንም የቴሌብርንም ችግር ባንዴ ያቃልላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከቤተሰቡ የሚላክለትን ገንዘብ በባንክ ቢቀበል ከጥቁር ገበያው ዋጋ አንጻር እንደ ቀድሞው ያህል አይጎዳም፤ ለዚህ ግን የሚቀበልበት ሒሳብ ሊኖረው ይገባል።

ስደተኞችንም አንርሳ። ዳባት ባለው የዓለምዋጭ መጠለያ የኤርትራ ስደተኞች አሉ፤ ከእነሱ መካከል ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው የተቀመጡ ወጣቶች አይጠፉም። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የትምህርት መብታቸውን ያውቃል። የውጭ አገር ተማሪ ፍለጋ ሩቅ ከመሄዳችን በፊት ቪዛ የማያስፈልገው፣ አየራችንን የለመደ፣ ብዙ ጊዜም አማርኛ የሚሰማ ተማሪ ደጃችን ላይ ተቀምጧል።

የማራኪ ነዋሪ

የሁላችሁንም ሐሳብ ይዤ ከመጪው ምዝገባ በፊት ልንሠራው የምንችለውን እጽፋለሁ፤ የጎደለውን ሙሉበት።

በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት እናዘጋጅ፤ የሰዓት አቆጣጠራችንን፣ የየሠፈሩን የውኃ ፈረቃ፣ የሁለት ወሩን የኪራይ ሕግ፣ የሐላል ሥጋ ቤቶችን፣ የጾሙን ወቅት፣ ለዊልቸር የሚመች መግቢያ ያላቸውን ባንኮችና ፋርማሲዎች የያዘ። መናኸሪያውና አየር ማረፊያው ላይ ይቀመጣል፤ የባጃጅ ማኅበሩንም አናግራለሁ፤ ስለ ዊልቸሩ ክፍያ ያኔውኑ አነሣዋለሁ። የአዘዞ አከራይ የጠየቁትን ዓይነት ደብዳቤ ተቀብለው በተለመደው ዋጋ ለማከራየት የሚስማሙ አከራዮችን ስም መሰብሰብ እጀምራለሁ፤ የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው፤ ሁለት ክፍል አለኝ፤ አንዱ ምድር ቤት ነው፤ ደረጃ የለውም። የከተማ አስተዳደሩ ክፍል ይስጠን ብሎ መጠየቅ የሚቻለው ይህ ከተሠራ በኋላ ይመስለኛል፤ ባዶ እጅን ይዞ ቢሮ መጠየቅ የት እንደሚያደርስ አይተነዋል። ለዩኒቨርሲቲው ግን አሁኑኑ የምንጠይቀው አለ፤ ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ስልክ የቢሮ ስልክ ብቻ እንዳይሆን፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚያነሣ ተረኛ እንዲኖረው።

የአዘዞ አከራይ

ሁለተኛው ስም እኔ ነኝ። የእኔ ክፍል አንድ ነው፤ ውኃ ታንከር አለው።

የገዳሪፍ ተመላሽ

ወረቀቱን ወደ አረብኛ እኔ እመልሰዋለሁ፤ ረቂቁ ሲያልቅ ላኩልኝ። የውኃ ፈረቃው ስለሚለዋወጥ ግን በወረቀቱ ላይ አትጻፉት፤ «የግቢውን ሰው ጠይቅ፤ በርሜል ግዛ» ብቻ በሉት። የጁባው ልጅ አሁን አምስተኛ ዓመት ደርሷል፤ አዲስ የሚመጡትን መናኸሪያ ወርዶ ለመቀበል ፈቃደኛ ነው፤ የሚመጡበትን ቀን አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ማን እንደሚሆን ብቻ ወስኑለት።